እድፍ ቻይ ቀለም የትኛው ነው?

ዛሬ የማነሳው ሐሳብ ስለ መኪና ቀለም ነው። «ይሄ ደግሞ ለተማሪ ምን ያደርግለታል?» እንዳትሉኝ፤ እኔን ከክፍል ያስቀረኝ እሱ ነው።

አባዬ አይሱዙ ይነዳል። ከጊንጪ ጤፍና ድንች ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። እሑድ ማታ ይገባል፤ ሰኞ ከመጫኑ በፊት መኪናው መታጠብ አለበት። የሚያጥበው ማን ነው? እኔ። ውኃውን ከቦኖ የምንቀዳው ደግሞ እኔና እህቴ ነን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ጊዜ፣ ማለት 100 ሊትር! በዚህ ሴሚስተር ሁለት ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አልፎኛል፤ አንዱን ቀን እንዲያውም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።

መኪናው አሁን ነጭ ነው። ቀለሙ ስለተላላጠ እንደገና ሊቀባ ነው። አባዬ «ጥቁር ይሁን፤ ጥቁር እድፍ ይችላል፣ አንተም ታርፋለህ» አለኝ። እኔ ግን አልስማማም። ለልብስ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ልብስን የሚያሳድፈው ላብ፣ ቅባትና ጥላሸት ስለሆነ ጥቁር ይደብቀዋል። የመንገድ አቧራ ግን ነጣ ያለ ነው። ነጣ ያለ ነገር ደምቆ የሚታየው የት ላይ ነው? ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ የምንጽፈው ለምን ሆነና!

የደንዲን አፈር ታውቁታላችሁ። በኦሮምኛ ኮቲቻ የምንለው መረሬ ነው። ክረምት ላይ ጥቁር ሆኖ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና አመድ ይመስላል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ገጠር የገባ መኪና አያመልጥም፤ ነጩን ጭቃው፣ ጥቁሩን አቧራው ያጋልጠዋል።

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሞከርኩት። ቀለም ቀቢው ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ግራጫ የተቀቡ የላሜራ ቁራጮች ሰጠኝ። ኮረኮንቹ መንገድ ዳር ያለው አጥራችን ላይ አሰርኳቸው። 8 ቀን ቆዩ፤ አንድ ቀን ዘነበ። ጥቁሩ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መሰለ። ነጩ አቧራውን ቻለ፣ ዝናቡ ሲመጣ ግን ገብስማ ዶሮ ሆነ። ቀዩና ሰማያዊው መሀል ላይ ናቸው። ግራጫው ላይ ግን በጣቴ እስክነካው ድረስ አቧራ መኖሩን አላወቅሁም። ሦስት ጓደኞቼን ምንም ሳልነግራቸው «የትኛው ንጹሕ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሦስቱም ግራጫውን አሉ።

አህያን እዩዋት እስቲ። ዳለቻ አህያን ማንም አጥቧት አያውቅም፤ ግን ቆሸሸች የሚላትም የለም።

የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲዎችም ዘዴያቸው መጥፎ አይደለም። ጭቃ የሚረጨው ከታች ነው፤ እነሱም ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ናቸው። አባዬ ግን ሁለት ቀለም አልፈልግም ብሏል።

«ሲልቨር ደግሞ ሲጫር አይመሳሰልም» ይላል። ልክ ነው፤ ሲልቨር ውስጥ የሚያብለጨልጭ ዱቄት ስላለ የተጫረውን ቦታ ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል ይከብዳል። እኔ የምለው ግን የማያብለጨልጨውን ተራ ግራጫ ነው። ጥቁርማ ፀሐይም ይስባል፤ ጋቢናው ውስጥ የሚቀቀለው ራሱ አባዬ ነው።

ፎርድ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በጥቁር ብቻ ነበር የሚሠራት። የመረጠው ግን ባለፋብሪካው ነው እንጂ አጣቢው አይደለም። እኛም ቤት እንደዚያው ነው፤ የሚመርጠው ሌላ፣ ጀሪካን የሚሸከመው ሌላ። ታዲያ እኔና እህቴስ ለምን አንጠየቅም?

መኪናው ማክሰኞ ጋራዥ ይገባል። ጥቁሩንና ግራጫውን ላሜራ ከነአቧራቸው ጋቢናው ውስጥ፣ መሪው ፊት ለፊት አስቀምጬለታለሁ።