ክረምት ሳይከዳን

የመብራት ፈረቃ ባየንበት ዕድሜ አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ የደስታ ዘመን ስጋቴን ስናገር ታገሡኝ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም 43 ሜጋ ዋት ይዞ ከተመረቀ ወዲህ፣ ግድብ በተሠራ ቁጥር የጨለማው ዘመን አበቃ ስንል ኖረናል፤ ጊቤ ሦስትም በ2009 ዓ.ም 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ እንዲሁ አልን። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም፣ የዚያው ግድብ ውሃ ጎደለና 476 ሜጋ ዋት ጎደለን፤ ፈረቃ ታወጀ፣ ለሱዳን የምንሸጠው ኃይልም ተቋረጠ።

ዛሬ ድሃው ከመቀነቱ ፈትቶ ያቆመው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ቆሟል፤ ይህን ያየ ዓይን የተባረከ ነው። ነገር ግን በየጨዋታችን መሀል፣ ይህን ያህል ውሃ ይዘን ትንሽ የጋዝ ማመንጫ ምን ይሠራልናል ሲባል ስሰማ ልቤ ይፈራል። የሕዳሴው ዓባይም የጊቤ ሦስቱ ኦሞም የሚሞሉት በአንድ ክረምት ነው፤ ክረምቱ ዓመት በዓመት ላይ ደጋግሞ የከዳን ጊዜ ሁለቱም አብረው ይጎድላሉ። የሕዳሴ ግድብ ካለበት ከጉባ አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመርም ረጅም ነው፤ እርሱ የተቋረጠ ዕለት የግድቡ መሙላት ለከተማው አይደርስለትም።

ትንሽ የጋዝ ተርባይን ከከተማ አጠገብ ቆሞ፣ ዝናብ ሳይጠብቅ በደቂቃዎች ይነሣል፤ አገር ሙሉ ባያበራም የሆስፒታሉን ክፍልና የውሃውን ፓምፕ ያቆያል። ጋዝ ወጪ አለው፣ ጭስም አለው፤ ስለዚህ ዘወትር ይሥራ አልልም፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ዘሩን ለይቶ እንደሚያኖር ገበሬ እናኑረው እላለሁ። የአገራችን የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሁሉን ለገበያ አስበን ለክፉ ቀን ድርሻ ካልቆረጥንለት፣ ሀብቱ በእጃችን ሳለ እንቸገራለን። ማመንጫ መትከል ብቻም አይበቃም፣ መንከባከብም ያሻል፤ 7.3 ሜጋ ዋት የነበረው የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ማመንጫ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራ አቁሞ እንደነበር አንርሳ። በጥጋብ ቀን የተናቀ ትንሽ ነገር፣ በችግር ቀን ተጠርቶ አይመጣም።

ግድቡ ሞልቷል፣ ወጣቶቹ መሐንዲሶችም ገና ይሰሙናል፤ ስለዚህ ጊዜ አለን። በየተሰበሰባችሁበት ይህን ንገሩ፣ ልጆቻችሁንም መጠባበቂያው የት እንዳለና ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። ማመንጫ ለመትከል ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ድርቅ ግን ያን ያህል አይታገሥም።