ጣሪያ በበጋ፣ ውል በጽሑፍ

የመጋዘን፣ የሱቅና የፋብሪካ ጣሪያ እድሳት መታቀድ ያለበት በክረምት፣ መሠራት ያለበት በበጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ የሚያፈሰው ቦታም በግልጽ የሚለየው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለምርመራ፣ መስከረም ለዋጋ ማወዳደሪያና ለውል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለሥራው ቢመደብ የበልግ ዝናብ ሳይደርስ ሁሉም ይጠናቀቃል። ሰኔ ላይ ዕቃ ሲርስ ተቋራጭ ፍለጋ የሚሯሯጥ ባለንብረት ግን ዋጋም ጥራትም የመምረጥ አቅሙን አስቀድሞ አጥቷል።

ምርመራው ከላይም ከታችም ይካሄዳል። ኮርኒስ ላይ የሚታየው እድፍ ውሃው የገባበትን ቦታ ላያሳይ ይችላል፤ ውሃ ከቆርቆሮው ሥር ሾልኮ፣ ሞራሌውን ወይም ብረቱን ተከትሎ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው ከቪቱ ራስ ሥር ያለው ጎሚኒ ነው። ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቅና እያንዳንዱ የቪት ቀዳዳ የውሃ መግቢያ ይሆናል። አሸንዳም በስሌት እንጂ በግምት አይመረጥም፦ 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 30,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው ከጠበበ ወይም ቅጠል ከደፈነው ውሃው ሞልቶ ወደ ግድግዳውና ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል።

ጥገና ይበቃል ወይስ ሙሉ ቅየራ ያስፈልጋል የሚለው ከምርመራው በኋላ ይወሰናል። ቆርቆሮው ደህና ከሆነ ቪትና ጎሚኒ መለወጥ፣ መጋጠሚያዎችን ማሸግና አሸንዳውን ማስፋት በቂ ነው። ዝገት ከበላው ወይም ተሸካሚው እንጨት ከበሰበሰ ግን በላዩ መለጣጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌው ክዳን አስቤስቶስ ከሆነ ብናኙ ካንሰር ስለሚያስከትል ሊቆረጥም ሊሰባበርም አይገባም፤ በሚያውቅ ባለሙያ፣ እየረጠበና ሳይሰበር መነሳት አለበት።

ተቋራጮችን በትክክል ማወዳደር የሚቻለው ሁሉም በአንድ ዓይነት የሥራ ዝርዝር ላይ ዋጋ ሲሰጡ ነው። «ጣሪያ መቀየር፦ ይህን ያህል ብር» የሚል ወረቀት ምንም አያስረዳም። ዝርዝሩ የቆርቆሮውን ውፍረት፣ የቪቱን ዓይነትና አተካከል፣ የመደራረቢያውን ስፋት፣ የአሸንዳውን ልክና የአሮጌውን ክዳን አወጋገድ ለየብቻ ያስቀምጣል። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይጻፍ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ 32 ጌጅ ከዚያ የሳሳ ነው። ዕቃው ሳይት ሲደርስ፣ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በካሊፐር ቢለካ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ክፍያ ከተጠናቀቀ ሥራ ጋር ይያያዛል። ቅድመ ክፍያ በባንክ ዋስትና ይሰጥ፤ ከየክፍያው ላይም በግንባታ ውል እንደተለመደው 5 በመቶ ያህል ተይዞ ቢያንስ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይለቀቅ።

ሥራው ሲጀመር በአንድ ቀን የሚገለጠው በዚያው ቀን ሊከደን የሚችለው ያህል ብቻ ነው። ተከራዮች ዕቃቸውን የሚያነሱበትና መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገራቸው። ሠራተኞች የደህንነት ቀበቶ ሳያስሩ አይውጡ፤ ብርሃን የሚያስገባውን ፕላስቲክ መርገጥ ብዙ ጊዜ ለሞት የሚያበቃ ውድቀት ያስከትላል። ብየዳ ካለ የእሳት ማጥፊያ በአጠገቡ ይኑር፤ ሥራው ካለቀ በኋላም የሚጠብቅ ሰው ይቆይ።

ርክክብ የሚፈጸመው በውሃ ተሞክሮ ነው። ተዳፋት ጣሪያ ከታች ወደ ላይ ክፍል በክፍል በጎማ ይረጫል። ጠፍጣፋ ሶሌታ ደግሞ መሐንዲስ ክብደቱን እንደሚችል ካረጋገጠ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውሃ ይቋጠርበታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው መልካም አፈጻጸምና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። በቃል ብቻ የተስማማ ባለንብረት ግን ምን እንዳዘዘና ምን እንደተረከበ ማስረዳት ይቸገራል። ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩ፣ የተፈረመው ውልና የርክክብ ሰነዱ ቢያንስ እነዚያ 10 ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ በጥንቃቄ ይቀመጡ።