የቤተሰብ ጤና፦ «እደጊ» የሚለው ትእዛዝ አልቆም ሲል



አላህ (ሱ.ወ.) ሰውን በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ከጠብታ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያሸጋገረ እንደሚፈጥረው በቁርኣን አስተምሮናል። ዛሬ ከዚህ አፈጣጠር አንዲት ነጥብ እናንሳ።

ጽንስ የሚጀምረው ከአንዲት ሴል ነው። ይህች ሴል ተባዝታ ልብ፣ አንጎል፣ እጅና እግር እንድትሆን ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ። መልእክተኞቹን ሳይንቲስቶች የዕድገት አነቃቂዎች (ግሮውዝ ፋክተር) ይሏቸዋል። መልእክተኛው ከአንዷ ሴል ወጥቶ በሌላዋ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር፣ ቁልፍ ከጓጉንቸሩ እንደሚገጥም ይገጥማል። ያን ጊዜ ሴሏ ትእዛዙን ትፈጽማለች። ትእዛዙ ሁልጊዜ «ተባዢ» አይደለም። የጽንሱ እጅ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ የተያያዘ ነው፤ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሴሎች እንዲሞቱ ሲታዘዙ ነው። ሱብሓነላህ!

ይህን ምስጢር ከደረሱበት መካከል ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ይገኙበታል። ሪታ አይሁዳዊት በመሆኗ ከዩኒቨርሲቲ ሥራ ታግዳ፣ በጦርነቱ ዘመን በመኝታ ክፍሏ የጫጩት ጽንስ ትመረምር ነበር። ስታንሊ ከአይጥ ምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር ገና የተወለዱ አይጦችን ሲወጋ፣ ዓይናቸው ከጊዜው ቀድሞ ተገለጠ። ሁለቱም በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከተወለድን በኋላም መልእክተኞቹ ሥራ አይፈቱም፤ ቁስላችን የሚሽረው በእነሱም ጭምር ነው። ችግሩ የሚመጣው ትእዛዙ አልቆም ሲል ነው። ለምሳሌ ከአምስት የጡት ካንሰር ሕሙማን በአንዷ ገደማ፣ ሄር-2 የሚባለው ተቀባይ በሴሎቹ ገጽ ላይ ከመጠን በላይ ይበዛል። ሴሎቹም ያለማቋረጥ «ተባዢ» እንደተባሉ ሆነው ይባዛሉ። ይህ በመታወቁ ተቀባዩን ይዞ ትእዛዙን የሚያግድ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ተሠራ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ይህ ተቀባይ መብዛቱ ሲረጋገጥ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ እብጠቷን ደብቃ ለያዘች እህት ይህ ሁሉ ዕውቀት ምን ይጠቅማታል? የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ሁሉ የበዛው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። አንዷ ታፍራለች፤ ሌላዋ «አያመኝም» ትላለች። ይሁን እንጂ ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ በሽታን መደበቅ ግን ሐያእ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል። ሴት ሐኪም ብትገኝ መልካም፤ ካልተገኘች ለሕክምናው በሚያስፈልገው መጠን ለወንድ ሐኪም መታየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎች አስረድተዋል። በዱዓና በሩቃ መጽናናትም ከሐኪም ቤት የሚያስቀር አይደለም።

አባቶችና ባሎች ሆይ! ሚስት ወይም ልጅ «አንድ ነገር አገኘሁ» ስትል «ይተውሻል» አትበሏት፤ ይዛችኋት ሂዱ። እናንት ወጣቶችም እናቶቻችሁን በለሆሳስ ጠይቁ። እናት ለልጇ የማትናገረውን ለሴት ልጇ ትነግራት ይሆናልና፣ እህቶች ሆይ ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ይበረታል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።