ኤሊን በዋስትና መሸጥ ይቁም

በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ፣ ከካንኩን እስከ ቱሉም ከተደረደሩት ሆቴሎች በአንዱ ያደረ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ከሚያያቸው ማስታወቂያዎች አንዱ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ጠዋት የጥንት ማያዎች ከተማ ፍርስራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ኤሊዎች ጋር ዋና። መጓጓዣው፣ አስጎብኚው፣ የውኃ መነጽሩና የመተንፈሻ ቱቦው፣ ምሳውም ጭምር በአንድ ዋጋ ተጠቃሎ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ከግርጌው አንዲት መስመር ትጨመራለች፦ ኤሊ ማየትዎ የተረጋገጠ ነው፤ ካላዩ ገንዘብዎ ይመለሳል። ክርክራችን ከዚያች መስመር ጋር ነው።

ጉዳዩ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። ካንኩን በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቅርብ ከሆኑት የዕረፍት ቦታዎች አንዷ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰውም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ለጉብኝት ሌላ የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። ትኬቱን ከሚቆርጡት መካከል እኛም አለንበት ማለት ነው።

በመጀመሪያ ለጉዞው የሚገባውን እንስጠው። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት በራሱ ጥፋት የለበትም። ፍርስራሹ ያለባት ቱሉም ከካንኩን በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኤሊዎቹ የሚገኙባት የአኩማል ወሽመጥ ደግሞ እዚያው 307 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር፣ ቱሉም ለመድረስ ከ30 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲቀር ናት። አንዱን ብሎ የወጣ ሰው ሌላውን በደጁ ያልፋል። ታሪኩም ቢሆን ያገናኛቸዋል። ቱሉም እንደ ሌላዋ የማያዎች ከተማ እንደ ቺቼን ኢትሳ ከባሕር ርቃ የተሠራች ከተማ አይደለችም። 12 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ሆና ካሪቢያንን ቁልቁል የምታይ የንግድ ወደብ ነበረች። በተለይ ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከጓቲማላ ደጋ የሚመጣው ኦብሲዲያን የተባለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ጨው፣ ማር፣ ጥጥና ካካዎ በታንኳ ይመላለስባት ነበር። ክሪስቶፎር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1502 በሆንዱራስ ደሴቶች አጠገብ የጥጥ ጨርቅና ካካዎ የጫነ ትልቅ ታንኳ ሲያጋጥመው ያየው ይህንኑ የባሕር ንግድ ነው። ቱሉምን ያየ ሰው ወደ ባሕሩ ቢወርድ ከታሪኩ አልወጣም።

ችግሩ የሚመጣው በሰዓቱ በኩል ነው። አውቶቡሱ ከየሆቴሉ ሰው ሲለቅም ረፋድ ይሆናል፤ ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጥላም እምብዛም የለም። ከተማዋ በሦስት በኩል በወፍራም የድንጋይ ግንብ ታጥራለች፤ አራተኛው ግንቧ ባሕሩ ነው። መግቢያዎቿ አምስት ጠባብ በሮች ሲሆኑ የተሠሩትም ሰው አንድ በአንድ እንዲያልፍ ተብሎ ነው። ዛሬም ሰው በዚያው ልክ ተሰልፎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ካስቲዮ የሚባለውን ትልቁን ሕንጻ በጣቱ ያሳያል፣ ፎቶ ያስነሳል፣ ወደ መውጫው ያጣድፋል። ከካስቲዮው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቤተ መቅደስ ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው። ከበሯ በላይ ራሱን ወደ ታች፣ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ የሚወርድ አምላክ ተቀርጿል። የንብ አምላክ ነው የሚሉ አሉ፤ ከአጥቢያ ኮከብ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ግድግዳዎቿ ወደ ላይ እየሰፉ ስለሚሄዱ ሕንጻዋ ዘመም ብላ የቆመች ትመስላለች። ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ መቆም ይበቃል፤ በጥድፊያ ጉዞ የሚጠፋው ግን ያ አሥር ደቂቃ ነው።

ሰዓት ሲጠብ ታሪክም ያጥራል። ማያዎች በድንገት የጠፉ፣ ምሥጢራቸውን ይዘው የተሰወሩ ሕዝብ ናቸው የሚለው ተረት በአምስት ደቂቃ ስለሚያልቅ ለጥድፊያ ጉዞ ይመቻል። እውነቱ ረዘም ይላል። የስፔኑ የሁዋን ደ ግሪሃልቫ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1518 በዚያ ዳርቻ ሲያልፉ አብሯቸው የነበረው ቄስ ሁዋን ዲያስ የስፔኗን ሴቪያን የምታህል ከተማ አየን ብሎ ጽፏል፤ ያቺ ከተማ ቱሉም እንደሆነች ይታመናል። ከተማዋ ባዶ ከቀረች በኋላም ማያዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1847 በነጮችና በክልሶች አገዛዝ ላይ ያመፁት ማያዎች እስከ 1901 ድረስ ተዋግተዋል፤ ቱሉምም በዚያ ጦርነት ውስጥ መስቀል የሚከበርባት የዓመፀኞቹ ቅዱስ ቦታ ሆና አገልግላለች። የዩካታን ማያ ቋንቋ ዛሬ በሜክሲኮ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ተናጋሪ አለው። ስለ ጠፋው ሕዝብ የሚተረክበትን አውቶቡስ የሚነዳው ሰው እቤቱ ሲገባ ከልጆቹ ጋር የሚያወራው በማያ ቢሆን አይድነቃችሁ።

ይሁንና የቱሉም ድንጋይ ቢያንስ ይጠብቃል። ዛሬ በጥድፊያ ያለፈው ሰው ነገ ተመልሶ ቢመጣ እዚያው ያገኘዋል። ኤሊ ግን ቀጠሮ አታውቅም። የዚህ ጉዞ ትልቁ ስህተትም ሁለቱን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ መሸጡ ነው።

በአኩማል ወሽመጥ የሚታዩት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ናቸው። ይህ ዝርያ ለመራባት ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ወደ ወሽመጡ የሚያመጣቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ አሸዋው ላይ የበቀለው የባሕር ሳር ነው። ጥርስ የላቸውም፤ እንደ መጋዝ በተሸራረፈው የመንጋጋቸው ጠርዝ ሳሩን እየቆረጡ ይግጣሉ። ሳንባ ስላላቸው ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለባቸው። እንግዲህ አንዲት ኤሊ ሳር እየጋጠች ነው እንበል። አንዱ አስጎብኚ ያያትና እጁን ያወጣል። የሱ ቡድን ይከባታል። ያንን ያየ ሁለተኛ ቡድን ይመጣል፣ ሦስተኛውም ይከተላል። ኤሊዋ ትንፋሿ ሲያልቅ ቀና ስትል በላይዋ የምታየው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬትና የሚራገጥ እግር ነው። አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ ሳትጠግብ ትተነፍሳለች፤ ሳሯን ትታም ወደ ጥልቁ ትሸሻለች። ማንም አልነካትም፣ ማንም ሕግ አልጣሰም። ግን ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚቆጥር የለም።

ሕግ ስለሌለ አይደለም። የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ወሽመጡን ለባሕር ዝርያዎች መጠለያ እንዲሆን አውጇል። ዋናተኛው ጃኬት እንዲለብስ፣ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር በትንሽ ቡድን እንዲገባ፣ ከኤሊዋ እንዲርቅ፣ እንዳይነካት ታዟል። መልካም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚቆጥረው በአንድ ቡድን ውስጥ ያለውን ሰው ነው፤ ኤሊዋ ላይ የሚመጣው ደግሞ የሁሉም ቡድን ድምር ነው። ቡድኖቹን ወደ አንድ ኤሊ የሚሰበስባቸው ያ የማስታወቂያው መስመር ነው። ኤሊ ካልታየ ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ፣ ኪሳራው መጀመሪያ የሚያርፈው አስጎብኚው ላይ ነው። ጉርሻውም ይቀራል። እንዲህ ያለ ጫና ያለበት ሰው ባዶ እጁን ከውኃ እንዲወጣ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጥፋቱን በአስጎብኚው ጨዋነት ማነስ ማሳበብ ለእኛ አይዋጥልንም፤ ዋስትናውን የጻፈው ቢሮ የተቀመጠው ሻጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ጉድ እናንሳ። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር በራቀ ደጋ ነው፤ ዋና የምንችለው ጥቂቶች ነን። መዋኘት የማይችል ሰው ጃኬት ለብሶ ሲንሳፈፍ ይደነግጥና እግሩን መሬት ለማስነካት ይታገላል። በአኩማል ያ መሬት የኤሊዋ ግጦሽ ነው። ስለዚህ ጉዞው ሳይደርስ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በቱቦው መተንፈስ መለማመድ ነውር የለውም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብቶ ከመግባትም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ መልበስ ይሻላል፤ ክሬሙ ታጥቦ ውኃው ውስጥ ይቀራልና።

ጥፋቱ ሁሉ የዋናተኛው ነው ብንል ግን ፍርዳችን ይዛባል። ይህ ዳርቻ ያለበት የዩካታን ልሳነ ምድር በሰሜን በኩል ከላይ የሚፈስ ወንዝ የለውም ማለት ይቻላል። ምድሩ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡም የፍሳሽ ቆሻሻውም ወደ ታች ሰርጎ፣ በከርሰ ምድር ዋሻዎች አድርጎ ባሕሩ ውስጥ ይወጣል። በአኩማል ኤሊዎች ላይ ፋይብሮፓፒሎማ የሚባል እብጠት የሚያወጣ በሽታ ታይቷል። በሽታው ከአንድ የሄርፒስ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በተበከለ ውኃ እንደሚባባስ የሚያምኑ ባለሙያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሳርጋሱም የሚባለው ተንሳፋፊ የባሕር አረም በአትላንቲክ ላይ እየተንጣለለ መጥቶ በእነዚህ ዳርቻዎች ይከመራል፤ ሲበሰብስም የባሕር ሳሩን ብርሃንና አየር ይነሳዋል። በዚህ ሁሉ ላይ በየቀኑ የሚወርደው የሰው ብዛት ሲጨመር ነው ሸክሙ የሚከብደው። ከሸክሞቹ ሁሉ በአንድ ቀን ውሳኔ ሊቀል የሚችለው ግን ይኸኛው ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልናል። አንደኛው፣ ኤሊዎቹ ድነዋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አረንጓዴውን የባሕር ኤሊ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ አውጥቶ ስጋቱ ዝቅተኛ ወደሆነው ክፍል አዛውሮታል። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ይህ የመጣው ሰው እጁን በመሰብሰቡ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1990 የባሕር ኤሊ አደንን በሙሉ ከልክላለች፤ በብዙ አገሮች ሌሊት ሌሊት የእንቁላል ጎጆ የሚጠብቁ ሰዎች ለዓመታት ደክመዋል። በመተው የዳነን እንስሳ ስለዳነ ብቻ ማሳደድ የድካማቸውን ፍሬ መብላት ነው። ደግሞም የዓለም አማካይ ስለ አንዲት ትንሽ ወሽመጥ የሚናገረው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ነው፤ ይህን አናቃልለውም። ካንኩንና ቱሉም የሚገኙባት ኩዊንታና ሮ ክልል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ካንኩንም ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ በመንግሥት ዕቅድ ከባዶ አሸዋ የተነሳች ከተማ ናት። የክልሉ ሕዝብ የሚኖረው በእንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቱሉም የራሷ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፍቶላታል፤ እንግዳው ሊጨምር ይችላል። ወሽመጡ ይዘጋ ብንል ኖሮ የአስጎብኚውን፣ የጀልባ ነጂውን፣ የምግብ አብሳይዋን ጉሮሮ በዘጋን ነበር። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዋጋው እንዳለ ይሁን፣ ሰውም ይምጣ፤ የሚሸጠው ግን በወሽመጡ ውስጥ መዋኘት ይሁን፣ ኤሊ ማየት አይሁን። ኤሊ ብትመጣ እሰየው። ካልመጣችም አስጎብኚው ደመወዙን ያገኛል፣ እንግዳውም የባሕር ሳሩን፣ ዓሣውን፣ ኮራሉን አይቶ ይወጣል።

ስለዚህ የዚህ መጽሔት አቋም የሚከተለው ነው። የቱሉምና የአኩማል የአንድ ቀን ጉዞ ይቀጥል። ኤሊ ለማየት የሚሰጠው ዋስትና ግን በሕግ ይከልከል፤ ገንዘብ እንመልሳለን የሚለውም አብሮ ይከልከል። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ሰው ጠቅላላ ቁጥር ሻጮቹ ሳይሆኑ መንግሥት ራሱ በባሕሩ ዳር ቆሞ ይቁጠር፤ ሲሞላም ወረፋ ያስይዝ። የጉዞው አዘጋጆች ለፍርስራሹ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይመድቡ፤ በሩ ገና ሲከፈት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይድረሱ። ይህን ማድረግ የማይችል ሁለቱን ቦታዎች በሁለት ቀን ይሽጣቸው።

እናንተም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ኤሊ ባላይስ? ባሕር ነው፣ ሊሆን ይችላል ካሏችሁ ክፈሉ። ገንዘባችሁን እንመልሳለን ካሏችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።