ስም የማይጠይቀው ሳጥን
ለመሐል ሜዳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመ አንድ የባሕር ዛፍ ቁም ሳጥን ነው። ቁመቱ ከሰው ትከሻ አይበልጥም። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ አራት መደርደሪያና አንድ በር አለው፤ ቁልፍ ግን የለውም። ያለው ያስቀምጥበታል፣ የቸገረው ይወስድበታል። ማን አስቀመጠ፣ ማን ወሰደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከላይ ጨውና ክብሪት፣ ከሥሩ ሳሙና፣ ቀጥሎ ደብተርና እስክሪብቶ ይደረደራል። በሶው አይጥ እንዳይደርስበት ክዳን ባለው ጣሳ ነው የሚቀመጠው። በታችኛው መደርደሪያ ለሴት ተማሪዎች የሚሆን ሞዴስ አለ። መጀመሪያ በግልጽ ደርድረነው ሳምንት ሙሉ የነካው አልነበረም። አንዲት እናት አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልላ መልሳ አስቀመጠችው፤ በሁለት ቀን አለቀ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ሰውን የሚጎዳው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ እያየ እንዳይወስድ እጁን የሚይዘው ይሉኝታም አለ።

ከሳጥኑ የሚወስዱትን እርስዎም ያውቋቸዋል። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቻቸው ወርደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያለቀበት ልጅ በሶና ጨው ካገኘ ዓርብም ከትምህርት አይቀርም። ለአንድ ቀን ብለው ሆስፒታል መጥተው ሳምንት የሚሰነብቱ አስታማሚዎችም አሉ፤ ሳሙና ይፈልጋሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚለብሱት ይፈልጋሉ። አንዲት አሮጊት ሁለት ሳሙና ወስደው ሄዱ። ከወር በኋላ በገበያ ቀን ተመልሰው መጡና ከበግ ጠጉር የተሠራች የልጅ ቆብ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ለማንም ምንም ሳይናገሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መከራም አላጣንም። አንድ ማለዳ በሩ ተበርግዶ፣ ጣሳው ሳይቀር ተወስዶ አገኘነው። በእድሩ ስብሰባ ቀን ገሚሱ “ቁልፍ ይግባለት” አለ። አንድ አዛውንት ግን “ቁልፍ ካስገባችሁለት ቁልፍ ያዥ ይኖራል፤ ቁልፍ ያዥ ካለ ለማኝ ይኖራል” አሉ። ምክራቸው ጸና። ዋናው ዕቃ እድሩ ቤት ይቀመጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። የሰረቀ ቢኖር እንኳ የሚወስደው የአንድ ቀን ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ ዛሬ የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም። ይህ ሳጥን ስም እንዳይጠይቅ ከለላ እንዲሆኑት ነው።

ዝርዝር በቦታው ተገቢ መሆኑን አውቃለሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው ሴፍቲኔት ያለ ስም ዝርዝር ሊሠራ አይችልም፤ የመንግሥት እህልና ገንዘብ ለማን እንደ ደረሰ መታወቅ አለበት። አንድ ሳሙና ግን ፊርማ አያስፈልገውም። መዝገብ ከፊቱ ያስቀመጥን ቀን ያች በጋዜጣ የተጠቀለለውን የምትወስድ ልጅ አትመጣም።

ይህ የኛ ስጋት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በፊሊፒንስ ኬዞን ሲቲ አና ፓትሪሻ ኖን የምትባል ወጣት በማጊንሃዋ ጎዳና ዳር የቸገረው የሚወስደው ምግብ የተጫነበት የቀርከሃ ጋሪ አቆመች። ሐሳቡ በቀናት ውስጥ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። ፖሊሶች ግን የአስተባባሪዎችን ማንነት መጠየቅ ጀመሩ፤ በኮሙኒስትነት የሚወነጅሏቸውም ተነሡ። ለደህንነታቸው ሲባል ያ የመጀመሪያው ጋሪ ለአንድ ቀን ሥራውን አቋርጦ ነበር።

ከሩቅ አገር ይልቅ ግን የኛው የመንዝ የሣር ምድር፣ ጓሳ፣ ይመስክር። መንዞች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት አለቃ መርጠው ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው፣ ጓሳ የሁሉም ተባለና ጠባቂ አጣ። ያንሰራራው ሕዝቡ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሞ ተመልሶ ሲይዘው ነው፤ ኋላም የክልሉ መንግሥት በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ሕጉ ከለላ ሆነ፣ ጥበቃው በሕዝቡ እጅ ቀረ። ለሳጥናችን የምንመኘውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መንገድ ሲሰፋ ወይም ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሳጥኑ እንዳይነሣ የቆመበት ቦታ በደብዳቤ ይጽናልን። ሁለተኛ፣ በሆስፒታሉና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ሌሎች ሁለት ሳጥኖች እንድናቆም ይፈቀድልን፤ እንጨቱንና አናጺውን እኛ እንችላለን። ሦስተኛ፣ ሳጥኑ የእድሩ ንብረት መሆኑ ታውቆ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት ተመዝገቡ፣ የተጠቃሚ ዝርዝር አምጡ እንዳንባል ከወዲሁ መመሪያ ይሰጥልን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ቢሆን እድርንና እቁብን አይመለከትም።

በመጨረሻም አንድ ቀን መጥተው እንዲያዩት በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ካሜራ አይከተልዎ። በሩን ይክፈቱ፣ ያለውን ይመልከቱ፣ ከቤትዎ የተረፈ ካለ ያስቀምጡና እንደ ማንኛውም ጎረቤት ይሂዱ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ሁለት ሳሙና፣ ግማሽ ጣሳ በሶና አንድ ደብተር ነበረበት፤ ጨው አልቋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሳጥኑ ተንከባካቢዎች አንዷ፣ መሐል ሜዳ