«ልቡ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ

አንድ ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው የሐሞት ጠጠሩን በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት ቀጠሮ ተይዞለታል እንበል። ቀዶ ሐኪሙ «ልቡ ይችል እንደሆነ ይታይልኝ» ብሎ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይልከዋል። ሰውዬው ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣና «ለቀዶ ሕክምና ብቁ ነው» የሚል አንድ መስመር የሰፈረበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ቤተሰቡም እፎይ ይላል። እኔ ግን ይህች አንድ መስመር ለበሽተኛውም ሆነ ለሐኪሙ የምትፈይደው ነገር እምብዛም ነው ባይ ነኝ።

ለመሆኑ ምላጩ ልብ አጠገብ ሳይደርስ ልብ የሚጎዳው በምን ምክንያት ነው? ቁስሉና ሕመሙ ሰውነት አድሬናሊን እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፤ ልብም ይፈጥናል። ደም የመርጋት ዝንባሌው ይጨምራል። ማደንዘዣው ደግሞ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። የግራው ልብ ጡንቻ ለራሱ የሚያስፈልገውን ደም የሚያገኘው በአመዛኙ በሁለት ምቶች መካከል በሚያርፍባት ቅጽበት ነው፤ ልብ በፈጠነ ቁጥር የምታጥረውም ይህችው ቅጽበት ናት። ደም ቅዳዎቹ ቀድሞውኑ የጠበቡበት ሰው ከሆነ ጡንቻው ይራባል።

እንዲህ ከሆነ የልብን ምት የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር የተባለ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠት መፍትሔ ይመስላል። ለዓመታትም ተሠርቶበታል። ፖይዝ የተሰኘውና በ23 አገሮች በ8,351 በሽተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ሜቶፕሮሎል ከተጀመረላቸው መካከል ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ሕመም የደረሰባቸው 4.2 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከወሰዱት መካከል ግን 5.7 በመቶ ነበሩ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ይሁንና የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 3.1፣ ከሁለተኞቹ 2.3 በመቶ ሆኑ፤ ስትሮክም በእጥፍ ጨመረ። አጥኚዎቹ በዋናነት የጠረጠሩት የደም ግፊትን መውረድ ነበር። በልቡ የዳነው ሰው በአንጎሉ ተጎዳ ማለት ነው።

የጠበቡትን የልብ ደም ቅዳዎች አስቀድሞ ማስፋትስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ካርፕ የተባለ የአሜሪካ ጥናት ከባድ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸውን 510 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ከ2.7 ዓመት በኋላ የሞቱት ደም ቅዳቸው ከታከመላቸው 22፣ ካልታከመላቸው 23 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ የሚቀረው ምንድን ነው? በሽተኛውን መጠየቅ ነው። ያውም በግምት ሳይሆን በሥርዓት! እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት ሐኪሞች የበሽተኞቻቸውን አቅም በግምት ሲመዝኑ፣ በእርግጥ ደካማ ከነበሩት ለይተው ያወቁት ከአምስት አንዱን ያህል ብቻ ነበር። ደረጃ መውጣትንና የቤት ሥራን የመሳሰሉ ተግባራትን አንድ በአንድ የሚዘረዝር መጠይቅ ግን የሚመጣውን አደጋ በመተንበይ ረገድ ከግምቱ የተሻለ ሆነ።

በቦስተን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው የሊ መለኪያም ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፦ የቀዶ ሕክምናው ክብደት፣ የልብ ደም ቅዳ ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ያለፈ ስትሮክ፣ በኢንሱሊን የሚታከም ስኳርና የኩላሊት ድክመት። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የተሠራው ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መረጃ ነው። በአገራችን እንቅርቷን ለማስወጣት ወይም በቀዶ ሕክምና ለመውለድ የተኛች የ24 ዓመት ወጣት በዚህ መለኪያ ብትመዘን ነጥቧ ዜሮ ሊሆን ይችላል። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ግን፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ ሰበብ፣ በግራ ልቧ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ቫልቭ አጥብቦት ይሆናል። ይህ ሩማቲክ የልብ ሕመም በበለጸጉት አገሮች እየተረሳ ሄዷል፤ በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም የወጣቶች በሽታ ነው።

በጠበበ ቫልቭ ውስጥ ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልቧ ከፈጠነ ጊዜ ያጣል፤ ደሙም ወደ ሳንባ ያብጣል። በዚያ ላይ ጉሉኮስ በብዛት ከተሰጣት ትንፋሽ ያጥራታል። የሚገርመው፣ ፖይዝ ያስጠነቀቀበት ያው ቤታ ብሎከር፣ ቀደም ብሎ ተጀምሮ መጠኑ በጥንቃቄ ከተስተካከለ፣ ለእርሷ ሊጠቅም መቻሉ ነው። ሁኔታዋን የሚያመለክተው ደግሞ ከማንኛውም ነጥብ በፊት በደረቷ ላይ በጥሞና የሚያርፍ የሐኪም ማዳመጫ ነው፤ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ከዚያ ቀጥሎ ያረጋግጠዋል። ወጣት ናት ተብሎ ማዳመጫው ሲታለፍ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ወረቀቱ «ብቁ ነው» ከማለት ይልቅ ምት ከዚህ እንዳያልፍ፣ የሚሰጠው ፈሳሽ ከዚህ እንዳይበዛ፣ ለዓመታት የሚወስደው ክኒን በድንገት እንዳይቋረጥ ብሎ ቢጽፍ እመርጣለሁ። እስከ መቼ ክትትል እንደሚያስፈልገውም ቢጨምር መልካም ነው። በፖይዝ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከታዩት የልብ ጡንቻ ሕመሞች 74 በመቶ ያህሉ የደረሱት በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነበር። ከታመሙትም 65 በመቶ ያህሉ የሕመሙ ስሜት አልነበራቸውም፤ ደረታቸውን አላማቸውም። ሕመም ማስታገሻ የወሰደ ሰው ተኝቷል፤ ዘመዶቹም ዕረፍት አገኘ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ።