የክለሳ ትምህርት ከቀመር ይጀምር ወይስ ከጀሪካን?

ክረምት በመጣ ቁጥር ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆሙት ምሰሶዎች ላይ «ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን» የሚሉ ወረቀቶች ይበዛሉ። ወላጅ ከጎደለው ላይ ቀንሶ ይከፍላል፤ ልጁም ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ በክለሳ ስም የሚሰጠውን የፊዚክስ ትምህርት ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነገር ነው። መምህሩ ቀመር ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ቀጥሎም ተማሪዎች «ሚኒስትሪ» በሚሉት የ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ባለፉት ዓመታት የወጡ ጥያቄዎች በየተራ ይሠራሉ። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ይህ ክለሳ አይደለም፤ ያልተገነባ ቤት መቀባት ነው። ክለሳ የሚገባው ለቀመሩ ሳይሆን ቀመሩ ስለ ምን እንደሚናገር ነው፤ ይህም የሚገኘው ልጁ በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ብዙዎች ምክንያቱን በፈተናው አሰጣጥ መለወጥና በኩረጃ መቀነስ ሲያስረዱት ይሰማል። ይህ ውጤቱ ለምን እንደታየ ይነግረን ይሆናል እንጂ ለምን እንደተፈጠረ አይነግረንም። ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይሰጣሉ። ዳሩ ግን 18 ዓመት በሞላው ወጣት ላይ የምናየው ስንጥቅ የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መጽሐፉ 7ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ጽንሰ ሐሳቦቹም በዚያው ጊዜ ከሚታይና ከሚዳሰስ ነገር ወደ ረቂቅ መጠኖች ይሸጋገራሉ። ልጁ ሁለት ወንዝ ባንድ ቀን ይሻገራል ማለት ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ለየብቻ ከማስተማር ይልቅ «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል አንድ ትምህርት አጣምሯቸዋል። በዚህ የተከፉ የፊዚክስ መምህራን ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ ውሃን የሚያፈላ ልጅ የፊዚክስ ውሃና የኬሚስትሪ ውሃ ለይቶ አያፈላምና።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። «ኃይል» የሚለው ቃል በጋዜጦቻችንና በመጻሕፍታችን አንድ ጊዜ ፎርስን፣ ሌላ ጊዜ ኢነርጂን፣ አንዳንዴም ፓወርን ተክቶ ሲቆም ይታያል። «ሙቀት» ስንል ከከሰሉ ወደ ድስቱ የሚተላለፈውንም፣ በቴርሞሜትር የምናነበውንም ነው። «ክብደት» ስንል በገበያ ሚዛን በኪሎ የሚለካውን ነው፤ መጽሐፉ ግን ክብደት በኒውተን ይለካል ይለዋል። መጠነ ቁስ፣ መጠነ ሙቀት፣ እፍግታ የሚሉትን ቃላት የሳይንስ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብዙ ደክመው አበጅተውልናል፤ ይሁንና ከመዝገበ ቃላቱ ወጥተው መንገድ ላይ አልደረሱም። ይህ የአማርኛ ጉድለት ነው የሚል ካለ ይሳሳታል፤ እንግሊዝ አገር ያለችው ባለሱቅም ክብደትን የምትናገረው በኪሎ ነው። ልዩነቱ የእዚያ አገር ልጅ የዕለት ቃሉንና የትምህርት ቃሉን ባንድ ቋንቋ ውስጥ ማነጻጸር መቻሉ ነው። የእኛ ልጅ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል እንደ ስም ብቻ ይሸመድደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የክለሳ ሰዓት በአማርኛ፣ አፉን በኦሮምኛ ለፈታውም በኦሮምኛ መሆን አለበት እላለሁ። «ጀሪካኑ ይከብዳል ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብሎ ሳይከራከር የኒውተንን ስም የሰማ ልጅ ሰውዬውን እንጂ ሐሳቡን አያውቀውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ጋር ወደ አንድ የአቃቂ ትምህርት ቤት ሄደን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ውሃ አፈላን። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቴርሞሜትሩን በጥንቃቄ አንብባ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብላ ጻፈች። ወዲያው መጽሐፏን ገለጠችና የጻፈችውን በላጲስ አጥፍታ 100 አደረገችው። ለምን እንዳጠፋችው ስጠይቃት «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለችኝ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር፤ ዓይኗም ደህና ነበር። አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ የሚፈላው ደግሞ የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነውና እዚህ ቀደም ብሎ፣ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እንጦጦ ላይ ብትለካው ወደ 90 ዝቅ ይልላት ነበር። መጽሐፉ የጻፈው 100 ሐሰት አይደለም፤ የጂቡቲ ወደብ ቁጥር ነው።

ይህችን ልጅ የማነሣት ብርቅ ስለሆነች አይደለም። በዓይኗ ያየችውን ትታ መጽሐፉን ያመነችው እንዲያ ስለተማረች ነው፤ ከዚህ የከፋ የሳይንስ ትምህርት ውድቀትም አይታየኝም። በፈተና 100 የሚለውን መርጣ ነጥብ ታገኛለች። ነገር ግን ድስት ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር ውሃውን ከ93 በላይ እንደማያሞቀው፣ እንፋሎቱን ብቻ እንደሚያበዛው የነገራት የለም። ምስር ወይም ድንች ለማብሰል የሚቃጠለው ከሰል በገንዘብ የሚገዛ ነውና ይህ ከፈተና ነጥብ ያላነሰ ነገር ነው።

የአየር ግፊትን ነገር ለማስረዳት ቃሊቲን የሚያህል ቦታ የለም። በቃሊቲ ጉምሩክ ከሚቆሙት የጂቡቲ መስመር ሾፌሮች አንዱን ጠይቁ። ጠጥቶ የጨረሰውን ባዶ ሃይላንድ እዚህ አጥብቆ ክዳኑን ቢዘጋውና ወንበሩ ሥር ቢጥለው፣ ጂቡቲ ሲደርስ ተጨማድዶ ያገኘዋል። ማንም አልረገጠውም። ውስጡ ያለው የቃሊቲ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው ግን የባሕር ወለል አየር ነው። የጂቡቲን ሙቀት ብናስብ እንኳ የታሰረው አየር ይዘቱ አንድ አምስተኛ ያህል መቀነስ ይፈልጋል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ሃይላንድና የሾፌር ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣ ነው። ጉድጓዶቹ ያሉት በከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ ስለሆነ ውሃው ሽቅብ መገፋት አለበት። ሽቅቡን ለስሌት እንዲመቸን 300 ሜትር እንበለው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ መጠነ ቁሱ 20 ኪሎግራም ነው፤ ክብደቱ፣ ማለትም ምድር የምትስበው ጉልበት፣ 196 ኒውተን ይሆናል። (መጽሐፉ የሚሰጠው 9.8 በአዲስ አበባ ከፍታ በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው፤ ለጀሪካን ይህን ያህል አንጨነቅም።) ይህን ክብደት 300 ሜትር ማንሣት 58,800 ጁል ሥራ ይጠይቃል። ጁል የሚለው ቃል ለልጁ ባዶ ድምፅ ከሆነ እንዲህ እንበለው፦ ባለ 60 ዋት አምፖል 16 ደቂቃ ያህል ቢበራ የሚወስደው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን ስሌት ተማሪዎች ሲሠሩት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ሰው «ተሳስተናል» ብሎ እንደገና ይጀምራል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 12.6 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህን ለ58,800 ስናካፍለው 214 ይመጣል። የአንድ ሰዓት ጋገራ 214 ጀሪካን ውሃ ከአቃቂ ወደ መሐል ከተማ ያወጣል! በእርግጥ ፓምፕና ቧንቧ ከሚሰጣቸው ኢነርጂ ከፊሉን በሰበቃ ያባክናሉና ቁጥሩ ይቀንሳል፤ 140 ቢሆንም ግን ያስደንቃል። በዚህ አንድ ስሌት ውስጥ መጠነ ቁስ፣ ክብደት፣ ሥራ፣ ኢነርጂና ፓወር ሁሉም በየቦታቸው ተገኝተዋል። ሰዎች «ቆጣሪው ይህን ያህል ኪሎዋት ቆጠረ» ሲሉ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነም ይገለጣል፤ ቆጣሪ ፍጥነቱን ሳይሆን ድምሩን፣ ኪሎዋት ሰዓትን ነው የሚቆጥረው።

እዚህ ላይ ልጆች የሚያነሡት አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው በፊዚክስ ቋንቋ ሥራ አልሠራም ሲባሉ ይቆጣሉ። መቆጣታቸው ትክክል ነው። ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ቢመስልም በውስጡ ያሉት ጭረቶች እየተኮማተሩና እየላሉ ኢነርጂ ያቃጥላሉ፤ ያልተሠራው በጀሪካኑ ላይ ነው። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ማለፍ ግን ያችን ላጲስ እንደገና ማቀበል ነው።

የተነሣው ውሃ ሲወርድ የሚመልሰውን ለማየትም ከአካባቢው መራቅ አያሻም። ከአቃቂ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአገራችን ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታደስ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ 780 እጥፍ መሆኑ ነው። ቀመሩ ግን አንድ ነው፤ ያው የጀሪካኑ ቀመር።

ስለ ግፊትም አንድ ነገር ልጨምር። በየግቢው በብረት መቆሚያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ትልቅ በሆነ መጠን ውሃው በኃይል ይወርዳል የሚል እምነት በአዋቂዎችም ዘንድ አለ። በቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ግፊት የሚወስነው የውሃው ከፍታ እንጂ ብዛቱ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 10 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ትልቅ ሮቶ ከመግዛት መቆሚያውን ማስረዘም ይቀላል።

እንዲህ ያለ መደናገር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በውጭ አገር በረዳት መምህርነት ስሠራ ያየኋቸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከእኛዎቹ የተለየ ስህተት አልነበራቸውም። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሄስተነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ስሌት የሌለበት፣ ስለ ጉልበትና እንቅስቃሴ በዕለት ቋንቋ የሚጠይቅ ፈተና አሳተሙ፤ ቀመር በሚገባ የሚጠቀሙ ተማሪዎች በዚህ ፈተና ሲወድቁ ታየ። የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙርም ይህንኑ ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጥ፣ እርሱ ባስተማራቸው መሠረት ይመልሱ ወይስ ራሳቸው በሚያስቡት መንገድ የሚል ጥያቄ ከመካከላቸው እንደተነሣ ጽፏል። በላጲሱና በዚህ ጥያቄ መካከል ልዩነት አይታየኝም።

«ጊዜ የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም፣ ፈተናውም ቀመር ነው የሚጠይቀው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ቤተ ሙከራን በተመለከተ ከላይ የጠቀስኩት ሁሉ ከወጥ ቤትና ከግቢ የመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው የፕላዝማ ትምህርት እንዳሳየን ውድ ዕቃ በራሱ ጽንሰ ሐሳብ አያስጨብጥም። የፈተናው ነገር ግን እውነት ነው፤ የሚያስጨንቅም ነው። ፈተናው እስካልተለወጠ ድረስ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል ብሎ የመለሰ የአቃቂ ልጅ ነጥብ ያጣ ይሆናል። ስለዚህ «በባሕር ወለል ከፍታ» የምትለዋ ሐረግ በጥያቄው ውስጥ እንድትጻፍ ለፈተና አዘጋጆች መጠየቅ የእኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ድርሻ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሌላው ድርሻ የተማሪዎቻችን ነው። ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ አራት ኪሎም ቢሆን ለቅዳሜ ጠዋት ሩቅ አይደለም። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ የ8ኛ ክፍል ምድብ የሚይዙ የፊዚክስ ተማሪዎች ቢገኙ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ሃይላንድ ለስድስት ቅዳሜዎች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ምንም ቀመር አይጻፍ። ለቤት ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ እንጀራ ከመጋገሩ በፊትና ከተጋገረ በኋላ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጽፎ ይምጣ፤ ምጣድ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ያንብብ። ልዩነቱ ስንት ጀሪካን እንደሆነ በሁለተኛው ቅዳሜ ይሰላል።